ሲሳይ ያስገባቸው የባትሪ ድንጋዮች

በደርግ ጊዜ ነው። ከላሊበላ ወደ ወልድያ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ አንድ ሽማግሌ በጋቢ የጠቀለሉትን ሬዲዮ ታቅፈው ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ሬዲዮ ጠጋኝ መሆኑን ሲነግራቸው ጋቢውን ገለጡለት።

«የጃፓን ነው። ጎረቤቴ ‹የጀርመን ብትገዛ ኖሮ አይበላሽም ነበር› ይለኛል። እውነቱን ነው?»

«እስቲ ልየው፣ አባባ።»

ጀርባውን በካቻቢቴ ፈታው።

«ሥሪቱስ ደህና ነበር። ድንጋዩ ፈሶ የውስጡን ሰሌዳ በልቶታል። ምን አገኘው?»

«ኃይሉ ሲደክም ፀሐይ ላይ አሞቅሁት።»

«ድንጋዩን ብቻ?»

«ከነሬዲዮው።»

«ምነው አባባ! ሰው ድንጋዩን አውጥቶ አይደለም እንዴ የሚያሞቅ? ይሄንንማ የጀርመኑም አይችለው።»

«አጥቼው መሰለህ? ልጄ ሲሳይ ሊዘምት ሲል በገዛ እጁ ያስገባቸው ናቸው። ላወጣቸው ብል እጄ እንቢ አለኝ።»

«ሌላ ልጅ የለዎትም?»

«እሱው ነው። ወታደሮች ለዘመድ ሰላምታ ሲልኩ ድምጡን እሰማ ይሆናል ብዬ፣ በየሳምንቱ ከፍቼ እቀመጥ ነበር።»

«ግዴለም፣ ሰሌዳውን ቀይሬ አናግረዋለሁ። ድንጋዮቹ ግን ወጥተው ይጣላሉ።»



«ሁለቱም?»

«ሁለቱም፣ አባባ።»

«እንግዲያው መልሰህ ግጠመው።»

«የልጅዎን ድምፅ መስማቱስ?»

«ግጠመው ብዬሃለሁ። ሲመጣ ራሱ ያወጣቸዋል።»

ልሰጣቸው ብዬ ከቦርሳዬ ያወጣኋቸውን ሁለት አዲስ ድንጋዮች ቀስ ብዬ መልሼ ከተትኋቸው።