ኤንትሬዋን ያስነሳው የሀጂ ውሃ

የገለምሶ ጫት ጭነን ወደ አሰበ ተፈሪ ስንሄድ የጭነት መኪናችን ኤንትሬዋ ዳገቱ መሃል ፈላች። ፈላች ስላችሁ እንደ ሌላ መኪና አይደለም፤ እንፋሎቷ ቦርደዴ ድረስ ሄዶ ዝናብ ሳያወርድ አልቀረም! ባለጫቷ ሞሚና ጭነቱ ላይ ቆማ «ወይኔ ጫቴ! ከጠወለገማ ፍየል እንኳ አይቀምሰው!» ትላለች። እኔ ረዳቱ ሮጬ ከመንገድ ዳር ጉድጓድ ውሃ በባልዲ ቀዳሁ። ሾፌሩ ሙሜ በጣቱ ቀመሰና እንትፍ አለው። «ጨው ነው! ይሄ ራዲያተሩን ይበላዋል። የዝናብ ውሃ አምጡልኝ።» አብረውን የተሳፈሩ አንዲት እናት የግመል ወተት አቀረቡለት። «እሱን ለልጆችዎ፣ እናቴ» አለ እየሳቀ።

ያን ጊዜ የሁላችንም ዓይን አብረውን የተሳፈሩት የሽማግሌው የሀጂ አደም ጀሪካን ላይ አረፈ። ከቤታቸው ቆርቆሮ ያጠራቀሙት የዝናብ ውሃ ነው፤ የከሰዓቱ የአስር ሶላት ደርሷል፣ ለውዱ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ትጥበት፣ ይዘውታል። ማን ደፍሮ ይጠይቃቸው? የኔ አፍ መች ያርፋል! «ሀጂ፣ መኪናዋም ውዱ አማራት» አልኳቸው።

ሽማግሌው ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እንግዲያው እሷ በውሃው ታድርግ፣ እኔ በአፈር አደርጋለሁ። ውሃ ለቸገረው አላህ አፈሩን ፈቅዷል» አሉና ጀሪካኑን ለሙሜ ሰጡት። ሞተሩ እስኪበርድ እሳቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ፊታቸውን አብሰው ሰገዱ።

አሰበ ተፈሪ ስንገባ ጫቱ አሁን የተቀጠፈ ይመስላል። የገበያው ሰው የሀጂን ግንባር አይቶ «ምነው ሀጂ፣ ወደቁ እንዴ?» ብሎ አቧራውን ሊያራግፍላቸው ተንጠራራ።

ሞሚና ከጭነቱ ላይ ጮኸች፦ «እንዳትነኩት! ጫቴን ያዳነው እሱ አፈር ነው!»