አርጣለች የተባለችው ልብስ ሰፊ

ትርር፣ ትርር፣ ትርር። ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ስፌት በምላጭ ሲተረተር ይሰማል። የደንበኛ ልብስ ቢሆን ኖሮ መጋረጃ ባላስፈለገ፤ ልብስ ሰፊዋ የምትተረትረው የራሷን ቀሚስ ነው። ጎኑን ስታሰፋው ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ወገብ በሜትር ስትለካ የኖረች ሰው የራሷን ለመለካት ድፍረት አጥታ በግምት ታሰፋለች።

ዕድሜዋ አርባ አምስት ነው። ልጇን ከዳረች ገና ዓመት አልሞላትም። አምና የወር አበባዋ አንዴ ቀረት፣ አንዴ መጣ ሲልባት ታላቅ እህቷን አማከረች። እህትየዋን ሰፈርተኛው «ዳኛዋ» ይላታል፤ የማታውቀው ነገር እንኳ ቢመጣ ሳትፈርድበት አትመልሰውምና። ዳኛዋም ፈረደች፤ አርጠሻል፣ የወሊድ መከላከያ ክኒኑንም ጣይው፣ ካርባ ወዲያ ማህፀን በሩን ዘግቶ ይተኛል አለች። ታናሽ የታላቅን ቃል አክብራ ጣለች። ይኸው አሁን ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ሹፌሩ ባሏ ሲነገረው «በዚህ ሽበቴ?» ብሎ ራሱን ያዘና ነገሩን ለሴቶቹ ትቶ መንገድ ወጣ። ዳኛዋ ደግሞ ሁለተኛ ፍርድ አዘጋጅታለች፤ ነገ በማለዳ ሩቅ ካለች አክስታቸው ዘንድ ሄዳ እስክትገላገል ትደበቅ፣ ልጁም የዘመድ ልጅ ይባል።

በዚህ መሐል በጤና ጣቢያው የምትሠራው ወጣት አዋላጅ ጋዋኗን ልታሳጥር ገባች። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ባለበት በመርፌ ቁልፍ ይዛ ወጣች። እግሯ ከነጠላ ጫማው ሞልቶ ፈስሷል፤ ፊቷም ያበጠ ነው። አዋላጇ ጋዋኑን ማሳየቱን ተወችው።

«እትዬ፣ ስንት ወርዎ ነው?» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጥግ ላይ ቁልፍ የምትተክለው ዳኛዋ ቀደመች።

«ምን ወር አለው፣ ነፍቷት ነው እንጂ።»

«እማማ፣ ይሄ ነፋትማ ይራገጣል» አለች አዋላጇ ቀሚሱን እያየች።

ዳኛዋ መደበቁ እንደማያዋጣ ባየች ጊዜ ወደ ክርክሩ ገባች። ያገባች ልጅ ያላት ሴት ሆዷን ገፍታ አደባባይ ስትወጣ አማቾቿ ምን ይላሉ? ደግሞስ እሷው አርጠሻል ብላ ክኒን ያስጣለቻት ሴት ማርገዟ ከተፈጥሮ ውጪ አይደለም?

አዋላጇ በትሕትና ግን ሳታመነታ መለሰች። የወር አበባ ዓመት ሙሉ ድርሽ ሳይል ካልቀረ በቀር ሴት አርጣለች እንደማይባል፣ መቆራረጡ ብቻ ዋስትና እንዳልሆነ፣ የማርገዝ ዕድል ካርባ በኋላ በጣም እንደሚቀንስ እንጂ እንደማይጠፋ፣ ክኒንም በእህት ፍርድ ሳይሆን በሐኪም ምክር እንደሚቆም አስረዳቻት።

«እሺ ይሁን» አለች ዳኛዋ። «ካረጀ ማህፀን ጤነኛ ልጅ አይወጣም። ይህንንስ ልትክጂኝ ነው?»

«አደጋው ከወጣቷ ይበልጣል፣ አልዋሽዎትም። ግን አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ታቅፈው ይመለሳሉ። ዕድሜ ደግሞ የሴት ብቻ አይደለም፤ የአባትየውም ሽበት ይቆጠራል። እናትን የሚጎዳት ከዕድሜዋ ይልቅ ሳትታይ መቅረቷ ነው።»

ይህን ስትሰማ ልብስ ሰፊዋ ለሦስት ቀን የያዘችውን አወጣች። ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ፣ ራሷን እንደሚፈልጣት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እንደሚልባት፣ ቀለበቷም በሳሙና እንኳ አልወልቅ እንዳላት ተናገረች። ጥፋት እንደሠራች ልጅ ነበር የምትናገረው። አዋላጇ ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ነገ አይባልም፤ አሁኑኑ መለካት አለብዎት። ካልተያዘ እርስዎንም ልጁንም ይወስዳል።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይሉኝታ ግን በሽታን ብቻ አይደለም የሚደብቀው፤ በባሏ ቤት፣ በወግ በማዕረግ የተፀነሰን ልጅም እንደ ሌባ ያስደብቃል። ልብስ ሰፊዋ በጊዜ ታይታ ቢሆን ግፊቷ ይለካ፣ ሽንቷ ይመረመር፣ የምትወልድበትም ቦታ ቀድሞ ይታሰብ ነበር። እናት ለልጇ፣ ልጅም ለእናቱ የሚተርፉት እንዲህ ነው። አማቾች የሚሉት ግን ቢበዛ የአንድ ወር ወሬ ነው።

 የዳኛዋ መርፌ ጨርቁ ላይ ተሰክቶ ቀረ። እንደ ቀድሞዋ ሳይሆን እንደሚለምን ሰው ጠየቀች።

«ድሮ… አርባ ያለፋት አንዲት ሴት፣ ራሷን እያመማት፣ እጇ አብጦ፣ አፍራ ቤት የተቀመጠች ብትሆን… ያኔ ታይታ ቢሆን ልጁ ይተርፍ ነበር?»

«ሊተርፍ ይችል ነበር፣ እማማ። የማን ልጅ ነው?»

ዳኛዋ የራሷን ሆድ በመዳፏ ዳበሰች። ከዚያም ተነሥታ የእህቷን ሰፊ የመንገድ ጫማ ከጠረጴዛው ሥር ሳበችና በርከክ ብላ ያበጠውን እግር ቀስ አድርጋ አስገባችው።

«ሂጂ፣ እህቴ። አክስታችን ዘንድ አትሄጂም። ማንም ያለው ይበል።»

ልብስ ሰፊዋ በአዋላጇ ክንድ ተደግፋ፣ አብረሽን ነይ ልትላት ዞር አለች። ዳኛዋ ግን ሻርፗን በእንባ የራሰ ፊቷ ላይ ጎትታ በጓሮው በር ወጥታ ሄደች።