ቱቦውን የሚይዝ ሌላ እጅ

ክቡር የክፍላችን ኃላፊ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሮቹን ከስብሰባ አዳራሽ ተሸክማችሁ ስታመጡ በመስኮት አይቻችኋለሁ። የላቦራቶሪ ዕቃ አንሱ ስትባሉ ግን ሁላችሁንም ወገባችሁን ያማችሁ ነበር። ምነው ዛሬ ዳናችሁ?

አጭር እናገራለሁ ብዬ ነበር። ግን ንግግሬ ሲረዝም ቀሚሴን ጎተት የምታደርገኝ ሰው አጠገቤ የለችም። እናንተ «ድገሚው» እያላችሁ የምትጠሯት የሥራ ጓደኛዬ ካረፈች ይኸው ዓመት ሊሞላት ነው። ለአዲሶቹ ልንገራችሁ፤ ስሙ የወጣላት፣ ውጤቴ የቱንም ያህል ቢያምር «እሰይ! በይ አሁን ድገሚው» ስለምትለኝ ነው።

ሁለታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያረጀነው በአንድ ጥያቄ ነው። እንደ ኢስትሮጅን ያለ ሆርሞን ሴል ውስጥ ሲገባ የሚጠብቀው ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ተቀባዩ ሆርሞኑን ይዞ ይሄድና ዲኤንኤውን ይጨብጣል። ሲጨበጥ ዲኤንኤው ምን ይሆናል? ቀጥ እንዳለ ይቆያል ወይስ ቅርጹ ይለወጣል?

ዲኤንኤውን ጄል በምንለው፣ ጥቃቅን ቀዳዳ በሞላበት ስስ የረጋ ነገር ውስጥ በኤሌክትሪክ እናስኬደው ነበር። ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቁራጮች ነበሩን፤ አንዱን ተቀባዩ ጫፉ ላይ ይይዘዋል፣ ሌላውን መሀሉ ላይ። እኩል ይደርሳሉ ብለን ስንጠብቅ መሀሉን የተያዘው ወደ ኋላ ቀረ። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን አይተው «ጄሉን አበላሽታችሁታል» አሉና ሄዱ። እሷ «ድገሚው» አለችኝ። ደገምነው፤ አሁንም ቀረ። እንደገና ሠርተነው ሲቀር ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው።

«አንቺ፣ ጄሉ ምንም አልሆነም! መሀሉ ላይ ታጥፎ ነው። የታጠፈ ብረት ይዘሽ በዚህ በር እለፊ እስቲ!»

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የጎማ ቱቦ እናወጣ ነበር። አዲሱ ሰው ጫፎቹን ይይዛል። ተቀባዩ ጥንድ ሆኖ ስለሚሠራ እሷ በአንድ እጇ፣ እኔ በአንድ እጄ፣ ጎን ለጎን መሀሉን ይዘን እናጥፈዋለን። «አየህ? ተራርቀው የነበሩት ጫፎች ተቀራረቡ» ትላለች፣ ራሷ የፈጠረችው ይመስል።

ጡቷ ላይ ዕጢ የተገኘ ጊዜ ሁለታችንም መጀመሪያ የጠየቅነው «ተቀባዩ አለበት ወይ?» ብለን ነው። ካለበት ሆርሞኑን የሚከላከል መድኃኒት አለ። ዕድሜያችንን የሰጠነው ፕሮቲን አይጨክንብንም ብዬ ነበር። ሐኪሙ «የለበትም» አለ። ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችውና «እስቲ ይድገሙት» አለችው።

ደገሙት። ያው ነበር።

አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ ተሰናብቼ መውጣት ሲያቅተኝ «እኅቴ፣ ቱቦውን ከማን ጋር ትይዣለሽ?» አለችኝ።

«ከማንም።»

ተቆጣችኝ። በዚያ በደከመ ድምጿ «ሰው ፈልጊ! አንድ እጅ ብቻውን የት ይሆናል?» አለች።

ቱቦው ከቀብሯ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ነበር። መክፈት አቃተኝ። ከእናንተ መካከል ሁለት ሦስታችሁ ቱቦውን ሳታዩ ሥራ ጀምራችኋል። ዛሬም ሳልከፍተው ብወጣ ነገሩ ከእኔ ጋር አብሮ ሊወጣ ነው። ጠዋት ማንም ሳይመጣ ከፈትኩት፤ ይኸው ይዤው መጥቻለሁ።

ክቡር ኃላፊ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሳህንዎን አስቀምጠው ወዲህ ብቅ ይበሉ። እናንተ አዲሶቹ ጫፎቹን ያዙልን። እርስዎ እዚህ ጋ፣ ከእጄ አጠገብ። እሷ የምትይዘው እዚህ ነበር። ጠበቅ ያድርጉት። አሁን ወደ ታች... አመለጠዎት! ሳቁ፣ ሳቁ፤ እሷም ትስቅ ነበር።

አዎ፣ ሲለቁት ወዲያው ቀጥ ይላል። ዲኤንኤውም ተቀባዩ ሲለቀው እንዲሁ ነው። እኔ ግን እሷ ከለቀቀችኝ ወዲህ እንደ ድሮዬ አልሆንኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መሆኑንም አልፈልገውም።

እንግዲህ ደህና ሁኑ። ጤና አይለያችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። የደከማችሁበትን ለማየት ያብቃችሁ። አጠገባችሁ አብሮ የሚይዝ ሰው አይጥፋ። ቱቦውን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ፤ መሳቢያ ውስጥ እንዳትከቱት።

ክቡር ኃላፊ፣ የት ሊሄዱ ነው? እጅዎን ይመልሱ እንጂ። ይድገሙት።