በቡንዱቅና በፕሪንስ መካከል ያልተሠራው ግንብ

ክቡራትና ክቡራን፣ ስለ መልካም ቃላችሁና ስለዚህ የስንብት ግብዣ ከልብ አመሰግናለሁ። የባስቡሳ ኬኩን ከውሾቹ በፊት ለሰዎች ስላቀረባችሁ ደግሞ ሌላ ምስጋና ይገባችኋል፤ በዚህ ግቢ የተለመደ አይደለም።

ሻውቂ፣ ቀና ብለህ ተቀመጥ። እስከ ማታ ድረስ አለቃህ ነኝ። ግን ልመስክርልህ፤ የሶላት ጀለቢያህን ውሻ እንዳይልስብህ ከመስኮቱ በላይ እየሰቀልህ፣ ይህን በር እንደ ወንድ ጠብቀሃል።

እኔን ያስተማሩኝ መነኮሳት በእረፍት ሰዓት መሮጥ ይከለክሉን ነበር። እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነን፣ በዝግታ እንመላለስ ነበር። እንዲህ ያደገች ሴት በስተርጅናዋ በካይሮ ማዓዲ ሰፈር፣ በውሾች መዋያ የጨዋታ ጠባቂ ትሆናለች ብሎ ማን ይገምታል? እናቴ ብትሰማ ኖሮ፣ "ለመሆኑ ውሾቹን አሰልፈሻቸዋል?" ትለኝ ነበር።

ሞክሬ አልሆነልኝም። የራሳቸው ሥርዓት እንዳላቸው ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ጨዋ ውሻ እንግዳን ፊት ለፊት አያፈጥበትም፤ በጎን ዞሮ ይቀርበዋል፣ ያሸተዋል። "እንጫወት" ማለት ሲፈልግ ደረቱን መሬት አስነክቶ ጭራውን ወደ ላይ ያቆማል። ብርቱው ለደካማው ሆን ብሎ ይወድቅለታል። እኛ ካይሮዎች መኪና ማቆሚያ ስንሻማ የዚህን ግማሽ ብናደርግ ምን ነበረበት?

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ሁላችሁም ስላላያችሁ ልንገራችሁ።

ቡንዱቅን ታውቁታላችሁ፤ ውሾቻችንን የምታጥበው ናግዋ ከመንገድ ያነሣችው ያገር ውሻ ነው። ቤት ብትተወው ጎረቤቶቿ ስለሚነሡባት ይዛው ትመጣለች። ፕሪንስ ደግሞ የደንበኛችን የወይዘሮ ሹሩቅ ነው፤ ሃስኪ የሚሉት የፈረንጅ ውሻ፤ ለበረዶ ተፈጥሮ የካይሮን ሙቀት የሚችል ምስኪን። አንድ ጠዋት ቡንዱቅ ፕሪንስን ጣለው፤ ላዩ ላይ ወጥቶ አንገቱን በአፉ ያዘ። ወይዘሮ ሹሩቅ በሩ ላይ ቆማ አየች።

"ልጄን በላብኝ! ይሄን የመንገድ ውሻ አስወጡልኝ!"

ሌሎች ደንበኞችም አገዟት። የመዋያው ባለቤት ጊሃን ተጨንቃ፣ ያገር ውሾችን ከፈረንጆቹ የሚለይ ግንብ ላሠራ ብላ ቃል ገባች። ጡቡ መጥቶ ተከመረ። ከግንቡ ወዲያ የሚውለው ያገር ውሻ ማን ነበር? ቡንዱቅ ብቻ!

ናግዋ ሳሙናዋን እንደያዘች መጣች። "እሱ ብቻውን የሚዘጋበት ከሆነ እኔም ሥራውን እተዋለሁ" አለችኝ።

ሻውቂን አማከርሁት።

"ማዳም፣ እኔ ደም መመላለስ ከበዛበት ከደቡቡ፣ ከሰዒድ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ጠብ ሳይ አውቃለሁ። ይሄ ጠብ ነው። ሽማግሌ ይጠራ።"

"ሽማግሌዋ እኔ ነኝ" አልሁት።

በማግስቱ ጊሃንን፣ ወይዘሮ ሹሩቅንና ናግዋን ግቢው ውስጥ አቁሜ ሁለቱን ውሾች ለቀቅሁ። ወዲያው ቡንዱቅ ፕሪንስን ጣለው። ወይዘሮ ሹሩቅ ጮኸች። ቡንዱቅን ባንገቱ ቀበቶ ይዤ ወደ ኋላ ሳብሁት።

"አሁን ፕሪንስ ነጻ ነው" አልሁ። "ተበድሎ ከሆነ ወደ አንቺ ይሮጣል።"

"ና የኔ ልጅ! ና ወደ ማማ!" እጇን ዘረጋች።

ፕሪንስ ተነሣ። አቧራውን አራገፈ። ማማን አያት። ናግዋ ዐይኗን ጨፍናለች።

ከዚያ ዞረና እየበረረ ወደ እኛ መጣ! ደረቱን መሬት አስነካ፣ ጭራውን አቆመ፣ ይጮህ ጀመር። የሚጮኸው በማን ላይ ይመስላችኋል? በእኔ ላይ! ክሱ "ጓደኛዬን ለምን ያዝሽብኝ?" የሚል ነበር።

ለቀቅሁት። ቡንዱቅ አራት እግሩን ወደ ሰማይ አንሥቶ በጀርባው ተዘረረ፤ ፕሪንስ ከላይ ወጣበት።

ወይዘሮ ሹሩቅ አፏን ይዛ ቀረች። "ወድዶ ነው እንዴ የሚወድቀው?"

"በተራ ነው፣ እመቤቴ።"

ሻውቂ ከበሩ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄን ሕግ የኛ አገር ሰዎች ቢያውቁት ኖሮ ስንት ነፍስ ይተርፍ ነበር!"

ጊሃን እዚያው ቆማ ለግንበኛው ደወለች፤ ጡቡ ከሰዓት በኋላ ተጫነ። ወይዘሮ ሹሩቅም ወደ ናግዋ ዞረችና፣ "ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ልጄ አፈር መስሏል፤ እጠቢልኝ እንጂ! ያንቺንም ጨምሪው" አለቻት።

ይህን ግቢ ከእኔ ለምትረከቡ የማወርሳችሁ ይህን ብቻ ነው፤ ጩኸት በሰማችሁ ቁጥር አትደንግጡ። ከላይ ያለውን ያዙ፣ የታችኛውን ጠይቁ።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ግቢያችሁ ከጫጫታ አይጉደል። ልጆቻችሁ ሲሮጡ የሚከለክላቸው አይምጣ። መውደቅ አይቀርምና የሚጥላችሁ ወዳጅ ይሁን፤ ከላይ የመውጣት ተራችሁም አይለፋችሁ።