በዋዜማ የተቆረጠ በረባሶ

ሂላሪያ ውሃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ስትወርድ አባባ ኩስቶዲዮን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አሮጌ የመኪና ጎማ ሲመርጡ አገኘቻቸው። የመንደሩን ሯጮች የሚመርጡትም፣ በረባሷቸውን የሚቆርጡላቸውም እሳቸው ናቸው። በከተማ የጤና ትምህርት ጨርሳ የተመለሰችው የልጅ ልጃቸው ብሪሂዳ አጠገባቸው ልብስ ታጥባለች።

የሂላሪያ ልጅ ሮሴንዳ በሚቀጥለው ወር ከማዶ መንደር ሴቶች ጋር በዱላ ቀለበት እየወረወሩ የሚሮጡት የቀለበት ሩጫ አለባት። አምና በዚሁ ሩጫ ተረከዟ ተልጦ፣ ቁስሉ መግል ይዞ፣ የብርዱን ወራት መራመድ አቅቷት ከርማለች። እናቷ ዘንድሮም ያው እንዳይደገም ትሰጋለች።

"አባባ፣ የሮሴንዳን ጫማ ዛሬ ቢቆርጡልኝ?" አለች።

"ዛሬ? ምን ነካሽ ልጄ? ጫማ የሚቆረጠው በዋዜማው ነው። ቀድሞ ከታየ የማዶዎቹ መተተኛ እግሯን ያስርብሻል።"

"አምናስ በዋዜማ አልነበር?" አለች ብሪሂዳ። "ማን አሰራት ታዲያ?"

"እነሱ ናቸዋ።"

"ይቅርታዎን አያቴ፣ ያሰራትስ የእርስዎ የጫማ ጠፍር ነው። አዲስ ጠፍር ላብ ሲነካው ይጠብቃል፤ ያልለመደውን ቆዳ ይልጣል።"

"የኛ የራራሙሪ ሕዝብ እንዲያው ሲሮጥ ነው የኖረው። እኔስ ሮጬ የለ?"

"እስቲ እግርዎን ያሳዩን።"

አዛውንቱ እግራቸውን ሰበሰቡ። አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም። "ይኼ በወንዶቹ ሩጫ የእንጨት ኳስ ስመታ የወለቀ ነው" አሉ።

"የተረከዝዎ ጠባሳስ?"

አዛውንቱ ጎማ መምረጣቸውን ቀጠሉ። ሂላሪያ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች፤ ከዚያ ግን ፈራ ተባ እያለች ተናገረች።

"አባባ፣ መተቱን እኔም እፈራለሁ። ግን ጫማው ከእግሯ ካልወረደ ማን ያገኘዋል? ቀን እሱን ተጫምታ በቆሎ ትኮትኩት። ማታ እኔ ተንተርሼው እተኛለሁ።"

"ይሸትሻል እኮ።"

"የመግሉን ሽታ ችዬ የለም?"

አባባ ኩስቶዲዮ ቢላቸውን አወጡ።

ብሪሂዳም ወደ ሂላሪያ ዞራ ቀጠለች። "ጠፍሩን በስብ እሺው። ከጫማው ሥር ያለው ቋጠሮ እንዳይቆረቁራት በመዶሻ ይጠፍጠፍ። ካመማት ትረፍ። ስትሮጥ ጠጠር ከገባባት ቆማ ታራግፍ።"

"ቆማ? ይቀድሟታል" አሉ አያቷ።

"ያራገፈች ትዘገያለች። ያላራገፈችዋን ግን ተሸክማችሁ ነው የምትመልሷት።"

ውድድሩ ደረሰ። ሮሴንዳ ሁለት ጊዜ ቆማ ጠጠር አራገፈች፤ በሁለተኛነትም ገባች። አባባ ኩስቶዲዮ የተወራረዱበትን ብርድ ልብስ ለማዶዎቹ ካስረከቡ በኋላ መጥተው ተንበረከኩ፤ የልጅቷን ተረከዝ አገላብጠው አዩ። ቆዳዋ ደህና ነበር።

"ብርድ ልብሱ ሄደ፣ ሯጯ ግን ቀረችልን" አሉ። ወዲያው የመንደሩን ሯጮች ጠርተው፣ ከእንግዲህ ጫማ ቀደም ብሎ እንደሚቆረጥና እያንዳንዱ የራሱን ከእግሩ ሳይለይ እንደሚያላምድ ነገሯቸው። የተላመደ ጫማ ቆዳ አይልጥም፤ ያልተላጠ እግር አያመረቅዝም፤ እግሩ የዳነለት ሰው ከሩጫው ማግስት ሥራው ላይ ይገኛል።

በማግስቱ ጠዋት ሮሴንዳ መኮትኮቻዋን ይዛ ወደ ማሳው ወጣች። ሂላሪያ ደጅ ቆማ ከዓይኗ እስክትሰወር አካሄዷን ተመለከተች። አላነከሰችም።