የቀዳዳ ዋጋ

ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ሥራ ክቡርነት ሳስተምር ኖሬ፣ ስለ ሥራ ዋጋ ግን ምንም እንደማላውቅ የተረዳሁት የቦርሳዬ ማንገቻ የተበጠሰ ዕለት ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ስሄድ ማንገቻው ተበጥሶ የተማሪዎቼ ደብተሮች መንገድ ላይ ተበተኑ። ለቃቅሜ ቀና ስል አንድ የቆዳ ሰፊ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። ሳይደግስ አይጣላም ብዬ ገባሁ።

ቤቱ ጠባብ ነው። በመስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ ወስፌ፣ ሰም የጠጣ ክርና ስል ቢላዎች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ስድስት የሴት ቦርሳዎች ተንጠልጥለዋል። ፊታቸው በቢላ ተፈልፍሎ ቅጠልና ሐረግ ሆኗል፤ በየቀዳዳው ቀይ ገበር ብቅ ይላል። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ አይቼ ስለማላውቅ የመጣሁበትን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

የቤቱ ጌታ፣ ስድሳውን ያለፉ ሽማግሌ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክከው አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጃቸው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ገበር ትሰፋለች። የማንገቻውን መስፊያ ዋጋ ስጠይቅ ሽማግሌው ተነሥተው ደብተሮቼን አዩና፣ “ዛሬ ዋጋ መናገር አልችልም መምህር፤ የሚዛኔ ድንጋዮች ጠፍተውብኛል” አሉኝ።

“አልጠፉም። እኔ ደብቄያቸዋለሁ” አለች ልጅቱ መርፌዋን ሳታቆም።

ሽማግሌው በእኔ ፊት መቆጣት ቢከብዳቸው ፍረደኝ በሚል ዓይን አዩኝ። ነገሩን ሁለቱም እየተቀባበሉ አስረዱኝ። ሽማግሌው የሚሸጡት ሁሉ በሚዛን ነው። ሙያውን ያስተማሯቸው ጌታቸው፣ ቆዳ በኪሎ ይገዛል፣ በእጥፍ ዋጋ በኪሎ ይሸጣል፣ ከዚያ ያለፈ ስስት ነው ብለዋቸው ነበር። ይህም ቆዳ ሳይፈለፈል ዕቃ በሚሠራበት ዘመን ለከረጢትና ለኮርቻ አላስቸገረም ይሆናል። አሁን ግን ሽማግሌው ቦርሳውን በፈለፈሉት መጠን ቦርሳው ይቀላል፤ በቀለለ መጠን ዋጋው ይወርዳል። የቤት ኪራይ እየከበዳቸው ሲሄድ ጥፋቱን በሚዛኑ ሳይሆን በሙያው አሳበቡ። ይህ ሥራ ሁለት ሰው አያበላም ብለው ለልጃቸው ከአንድ ቢሮ የመዝገብ ቤት ሥራ ለምነውላታል። የምትጀምረው ሰኞ ነው። እሷ ደግሞ ከዚህ ጠረጴዛ አልነሣም ብላለች።

“አባዬ፣ መምህሩ ባሉበት ይመልሱልኝ” አለች። “ይህን ሐረግ ለመፈልፈል ስንት ቀን ፈጀብዎ?”

“አራት።”

“ጥግ ላይ ያስቀመጡትን ትልቁን ከረጢትስ?”

“አንድ ቀን ቢሆን ነው።”

“በሚዛን የትኛው ይበልጣል?”

“ከረጢቱ ነዋ። ቆዳው ብዙ ነው።”

“እንግዲያው የአራት ቀን ሥራዎ ከአንድ ቀን ሥራዎ ያነሰ አወጣ። ቆርጠው የጣሉትን ቆዳ እርስዎ ገዝተውታል፤ ገዢው ግን አይከፍልበትም። ቢላዎ በገባ ቁጥር እርስዎ ይከስራሉ።”

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። “ሚዛን አያዳላም ልጄ። አርባ ዓመት ስሸጥ ሌባ ያለኝ ሰው የለም። ድካሜን አስልቼ ልጠይቅ ብል ግን ድካሜን ማን ይመዝንልኛል? ሰው ‘ለላቡ ዋጋ አወጣ’ ቢለኝ ምን ልመልስ ነው?”

“‘አዎን፣ አወጣሁ’ ይበሉ።”

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጠበቃ የሚያስከፍለው ወረቀቱን መዝኖ ነው ወይ ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። “ጠበቃማ ቢመዘን ምላሱ ነው” ብለው ሳቁ። እኔ ግን የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ሳቁ አልመጣልኝም። አምና አንድ አናጢን ግማሽ ቀን ሙሉ ተከራክሬ ወንበሩን በግማሽ ዋጋ ወስጄበት፣ በማግስቱ ለሥራ ባልደረቦቼ እንደ ጀግንነት አውርቼዋለሁ። የሰውዬው ቤተሰብ ያን ሳምንት ምን እንደበላ አልጠየቅሁም። የእጅ ሥራን በአፋችን የምናሞግስ የተማርን ሰዎች፣ ኪሳችን ጋ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ አርካሾች እኛ ነን። ይህን እዚያው ቆሜ ተናዘዝኩ። ልጅቱ አላጽናናችኝም፤ ልክም ነበረች።

ከዚያ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ለአባቷ አስረዳች። መጀመሪያ ቆዳው፣ ክሩና መቆለፊያው ይታሰባሉ፤ የተበላሸው ቆዳም ጭምር። ቀጥሎ ኪራዩና ቢላው የሚሳልበት ይጨመራል። ከዚያ የሥራው ቀናት አንድ የታወቀ ግንበኛ በቀን በሚከፈለው ልክ ይታሰባሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ትርፍ አለ። ትርፍ ሥራ በጠፋበት ወር የሚበላው፣ ለመጪው ጊዜ የተሻለ ቆዳ የሚገዛው ገንዘብ ነው እንጂ ስስት አይደለም አለች። አንድ ላይ ሲደመር ከሚዛኑ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሆነ።

ሽማግሌው ደነገጡ። “ገዢ ይሸሻል።”

“ይሽሽ። አሁንስ ከአንድ ነጋዴ ሌላ ማን አለን? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል አልሰሙም?”

“ሞኝ አልሽኝ?”

“ደጃፉን ነው ያልኩት፣ አባዬ።”

በዚህ መሐል ነጋዴው ገባ። በየወሩ እየመጣ ያሉትን ቦርሳዎች ሁሉ የሚወስደው እሱ ነው፤ ሰውን ሁሉ “ወዳጄ” ስለሚል በሰፈሩ ስሙ ወዳጄ ሆኖ ቀርቷል። ድንጋዮቹ እንደጠፉ ሲነገረው ቅር አላለውም። ስድስቱንም ከግድግዳው አውርዶ አንድ በአንድ በመዳፉ እያነሣ ይገምት ጀመር። የቀለለው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

“ወዳጄ፣ የሚመጣው ወር ቅጠሉን እንዲህ ያብዙልኝ” አለ። “ደንበኞቼ የሚወዱት ቀዳዳ የበዛበትን ነው። በሚዛንም ቢሆን ይቀልልኛል።”

ልጅቱ መርፌዋን አቆመች። ሽማግሌው ከነጋዴው እጅ ቦርሳውን ወስደው ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

“ቅጠሉ ሲበዛ የእኔ ቀን ይጨምራል” አሉ። “የአንተ ክፍያ ደግሞ ይቀንሳል። እንዲህ ነው ያልከኝ?”

“ሚዛኑ ያለው ነው እንጂ እኔ ምን አልኩ ወዳጄ?”

“እንግዲህ ሚዛኑ ከዛሬ ጀምሮ ቆዳ ስገዛ ይናገር። ስሸጥ የምናገር እኔ ነኝ።” ወዲያው ልጃቸው ያለችውን ዋጋ አንድ ሳንቲም ሳያጎድሉ ነገሩት።

ወዳጄ ሳቀ፣ ቀጥሎ ለመነ፣ ቀጥሎ ዛተ። ቆዳ ሰፊ በከተማው ሞልቷል አለ። ሽማግሌው በጨዋ ደንብ፣ መንገዱን እንደሚያውቀው አስታወሱት። ሁለት ጊዜ በር ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በመጨረሻ ዋጋውን ከፍሎ ሁለት ቦርሳ ብቻ ይዞ፣ “ወዳጄ” ሳይል ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው የቀሩትን አራት ቦርሳዎች ወደ ግድግዳው መለሱ። “አራቱ ባይሸጡስ?” አሉ። ልጅቱ ቆዳ በወር አይበሰብስም አለቻቸው። እሳቸው ግን ገንዘቡን ይዘው በጣታቸው ያሰሉ ጀመር። የሁለቱ ዋጋ ድሮ ስድስቱ ያስገኙላቸው የነበረውን ያህል ነው። ሃያ አራት ቀን ተጎንብሰው የሚያገኙትን በስምንት ቀን አገኙት።

አንባቢዬ ሆይ፣ የለውጡ ጥቅም ይህ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዋጋውን ሲናገር ልቡ ያርፋል፤ ጥሩ ሥራ ለመሥራት ጊዜ ያገኛል፤ ሙያውም ወራሽ አያጣም። ተገቢ ዋጋ የጠየቀ ሰው ማንንም አልሰረቀም። እንዲያውም ርካሽ የሚሸጥ ሰው ከልጁ ጉሮሮ ቆርሶ ለነጋዴ ያጎርሳል። እኔም ማንገቻዬን አሰፍቼ ዋጋውን እንደነገሩኝ ከፈልኩ።

ልወጣ ስል ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ሰኞ ቢሮ አትሄጂም” አሏት። ፊቷን በገበሩ ሸፈነች።

“አንድ ነገር ግን አጉድለሻል” ብለው ቀጠሉ። “ገበሩን የምትሰፊው አንቺ ነሽ። ለአንዱ ቦርሳ አንድ ቀን ይፈጅብሻል። በነገርሽኝ ዋጋ ውስጥ የት አለ?”

“እኔማ ልጅዎ ነኝ አባዬ።”

“የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንቺ ነሽ። ልጅነትሽ ሌላ፣ ሥራሽ ሌላ። በቀሩት አራት ቦርሳዎች ዋጋ ላይ እንጨምረዋለን። በይ ንገሪኝ፣ ያንቺ ቀን ስንት ነው?”

ለሽማግሌም ለመምህርም ያላፈረችው ልጅ አሁን አፈረች። መርፌዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው።

“የእርስዎን ሲሶ” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“ጨምሪ” አሉ አባቷ።