«ሁሉም ደህና ናቸው»

ታላቅ ወንድሜ ያረፈበት ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር የጀመረው። ወደ ሰበታ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት የመብራት ካርቶን ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለች የማያውቋት ወጣት ካርቶኑን አነበበች።

«አባባ፣ ይሄ ቀለም የሚቀያይር የድንኳን መብራት ነው። ሠርግ አለብዎት?»

«የለም ኢንታላ ኮ፣ የእኔ ልጅ፣ ለወንዱ ልጄ የዓሣ ገንዳ ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ኮራል የሚባሉ፣ ድንጋይ የሚመስሉ የባሕር እንስሳት ያረባል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለእኔ አደራ ሰጠኝ።»

«ኮራል በዚህ አያድግም። ሰማያዊና ነጭ ብርሃን ባለው ኤልኢዲ መብራት ይቀይሩት። እኔም ቤቴ ኮራል አለኝ፤ መብራቱ ውድ አይደለም። ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ መጀመሪያ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ያብሩት።»

«ግማሹ እኮ ነጥቶ ሞቷል።»

«ልጅዎ ያውቃል?»

«ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እነሱ ነው፤ ስለ እኔ አይደለም። ሁሉም ደህና ናቸው እለዋለሁ። ፈተና ላይ ነዋ።»

«ይንገሩት አባባ።»

«ቢደነግጥብኝስ?»

«ይደንግጣ! ከሰው ሁሉ በኋላ መስማት ይብሳል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ረዳት፣ ወራጅ አለ! ይሄን ልቀይርና እደውልለታለሁ።»

በዚያው ምሽት ወንድሜ በድንገት አረፈ። በማግስቱ ጠዋት ዘመዶች ጅማ ለምትማረው እህታችን መርዶው ከፈተና በኋላ ይነገራት ብለው ሲመካከሩ፣ እኔ ጓሮ ወጥቼ ደወልኩላት።